እናቱ የምትረግመው ሰው

ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚኒባስ ስንሄድ አጠገቤ ሁለት ክራንች የታቀፈ ጎልማሳ ተቀምጧል። ከፊታችን ያሉት አሮጊት ዘወር አሉ፤ የሰው ቁስል ሳይነኩ መንገድ አይገፋላቸውም።

«ምን አገኘህ ልጄ?»

«አረብ አገር መኪና ገጨኝ እማማ።»

«የገጨህን አላህ ይንሳው!»

«ተዉት እማማ። እሱን እናቴ ትበቃዋለች፤ በየቀኑ ትረግመዋለች።»

«ደግ አደረገች! ምነው አዘንክለት?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስለማያውቁኝ ልንገርዎ። መኪና አይደለም። ለፍቼ ባጠራቀምኩት ብር ሐኪም ቤት ገብቼ እኔው ነኝ የእግሬን አጥንት ያስቆረጥኩት። አጥንቱን ቆርጠው፣ ብረት አስገብተው ቀስ በቀስ ይስቡታል። እግር ያረዝማል።»

«ማሽላ ነህ እንዴ አንተ!»

«አጭር መባል መረረኝ። ሽማግሌ በላክሁ ቁጥር ይስቁብኝ ነበር።»

«ታዲያ ረዘምክ?»

«አራት ጣት ያህል። ግን አጥንቱ አልገጥም ብሎ ይኸው ጎብጬ ቀረሁ። መርዘሜን እናቴም አላየችው፤ እሷንም መኪና ገጨኝ ብያታለሁ።»

«እውነቱን ንገራታ!»

«ምን ብዬ? ሰግዳ በጨረሰች ቁጥር እጇን ዘርግታ ‹ልጄን የሰበረው ሰው ዳግም በእግሩ አይቁም› ትላለች።»

«ያ ረቢ! ያንን ስትል አንተ የት ሆነህ?»

«አጠገቧ።»

«ምን ትላለህ?»

«ምን እላለሁ እማማ፤ አሚን ነዋ።»

ዋጃ ላይ ሲወርድ እንዲያልፍ ጉልበቴን ሰበሰብኩለት እንጂ ፊቱን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።