ክፍተት የገጣጣሚ ነው

ሌላ ሰው ቢያታልልህ ትከሰዋለህ፤ የገዛ ዓይንህ ቢያታልልህ ግን የት ወስደህ ትከሰዋለህ? ይህን ነገር ያስጀመረኝ የጋሽ ውሃልክ ጉዳይ ነው።

ጋሽ ውሃልክ አናጺ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ነገር ግን ጣውላ አንስተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጠማማውን ከቀጥታው ለይተው ስለሚናገሩ፣ ሰፈሩ የግንበኛውን መሣሪያ ስም አወጣላቸውና በዚያው ጸና። እሳቸውም አልጠሉትም። ስሙ ሲጠራ እንዲያውም አንገታቸው ቀና ይል ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከእንጨት መሸጫው መደብር በራፍ ላይ የኮምፔርሳቶ ጣውላ ተሸክመው ሲንገዳገዱ፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር ድንገት ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቱ በሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህርት ናት፤ እሷም ለተማሪዎቿ ቁርጥራጭ ልትመርጥ መምጣቷ ነበር።

«ጋሼ! እንደምን አደሩ? ይህን ሁሉ ብቻዎን? ገጣጣሚዎ የት ሄዶ ነው?»

«ሄደ። አባረርኩት ልበልሽ፣ ጥሎኝ ሄደ ልበልሽ፣ ያው ነው። የዘንድሮ ሰው እጅ የለውም፣ ልጄ። እኔ አሳምሬ ቆርጬ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ሲገጥመው ቁምሳጥኑ በክፍተቱ ነፋስ እየገባ ያፏጫል! ያን ያበላሸውን ልተካ ነው አሁን የገዛሁት።»

«ከእሱ በፊት የነበረውስ?»

«እሱም ያው ነው። ከልጄ ጀምሮ ሁሉም ያው ነው።»

መምህርቷ ይህን ስትሰማ የኮምፔርሳቶውን አንድ ጫፍ አነሳችና አብራቸው ወደ ሥራ ቤቱ ሄደች።

እዚህ ላይ ስለዚያ ሥራ ቤት ልማድ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። በጋሽ ውሃልክ ቤት መጋዝ ማሽኑ ላይ የሚቆመው ታላቁ ብቻ ነው፤ ታናሹ ይገጥማል። ቆራጭ አይጠየቅም። ሁለት ጣውላ አልገናኝ ቢል፣ በር አልዘጋ ቢል፣ መሳቢያ ቢነክስ፣ «ክፍተት የገጣጣሚ ነው» ይባላል፤ አለቀ። ጋሽ ውሃልክም በወጣትነታቸው ከጌታቸው ይህንኑ እየሰሙ፣ አንዳንዴም በጥፊ እየታጀበላቸው ነው ያደጉት። ከዚያ እሳቸው ቆራጭ ሲሆኑ ፍርዱን ለልጃቸው አወረሱት።

ልጁ ዝምተኛ ነበር። ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ ሲደፍን ውሎ፣ ደንበኛ ሲመጣ አባቱ በሰው ፊት «ምን ላድርግ፣ የልጄ እጅ ጠማማ ነው» ሲሉ ይሰማል። እንዲህ ሲል ሲል አንድ ቀን መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ዛሬ በአንድ መጋዘን ጆንያ ሲቆጣጠር ይውላል። አባቱን ይጠይቃል፣ ሰላምታ አያጓድልም፤ ስለ እንጨት ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም።

እንግዲህ ወደ ሥራ ቤቱ ገቡ። ጋሽ ውሃልክ ማሽኑን አስነሱና ሰፊውን ጣውላ በሁለት እጃቸው እየገፉ ቆረጡ። መሃል ላይ ጣውላው ትንሽ ዞር አለ፤ የመጋዙ ዲስክ ጮኸ፤ የተቃጠለ እንጨት ሽታ መጣ።

«ጋሼ፣ እጅዎ ከዲስኩ ምን ያህል ራቀ?»

«አልነካኝም እኮ!»

«እስካሁን አልነካዎትም። ሰፊ ጣውላ በእጅ ብቻ ሲገፋ ይዞራል፤ ሲዞር ደግሞ ዲስኩ ይይዘውና ወደ ሰው ይወረውረዋል። ለዚህ መላ አለው። ተንሸራታች ገበታ እንሥራ።»

«ምንድነው ደግሞ እሱ?»

«አንድ ሰፊ ኮምፔርሳቶ እንወስዳለን። በማሽኑ ጠረጴዛ ላይ እነዚህ ሁለት ቦዮች አሉ አይደል? በእነሱ ውስጥ ግራና ቀኝ ሳይወዛወዙ የሚሄዱ ሁለት የጠንካራ እንጨት ዘንጎች ከሥሩ እናስራለን። ከላዩ ከፊትና ከኋላ ማቀፊያ ጣውላ እናቆማለን። ከዚያ የሚቆረጠው ነገር ገበታው ላይ ተኝቶ፣ ጀርባውን ለማቀፊያው ሰጥቶ ወደ ዲስኩ ይሄዳል። እርስዎ የሚገፉት ገበታውን ነው፤ ጣውላው የመዞር ዕድል የለውም።»

ጋሽ ውሃልክ ሳቁ። «ምርኩዝ ልትሰጪኝ ነዋ! ልጄ፣ ምርኩዝ የሚያሻው ለማያይ ሰው ነው። እኔ ጢሜ ሳይበቅል የጀመርኩትን ሥራ ዛሬ በገበታ ልማር?»

«ጋዜጣ ሲያነቡ መነጽር ያደርጉ የለም እንዴ?»

«ያ ለፊደል ነው።»

«ይሄ ደግሞ ለማዕዘን ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ እንደ እናትሽ ነው!» አሉ። ቢሆንም ነገሩ ሳያስቃቸው አልቀረም። «እሺ፣ ይሠራ። ማቀፊያውን ግን የምናቆመው በእኔ ዓይንና በእኔ ስኳድራ ነው።»

«እንዳሉ» አለች መምህርቷ። በጣም ቶሎ እሺ አለች፤ ጋሽ ውሃልክ ይህን ልብ ቢሉ ኖሮ ይጠረጥሩ ነበር።

ሁለቱም እጀታቸውን ሰብስበው ሠሩት። ዘንጎቹን እየላጉ በቦዩ ውስጥ ሞከሯቸው፤ ሲጠብቅ ላጉት፣ ሲላላ ሌላ ቆረጡ። የኋላውን ማቀፊያ ከአንዱ ጫፍ በአንድ ብሎን ብቻ አሰሩት፤ ሌላውን ጫፍ መንቀሳቀስ እንዲችል ለጊዜው በመቆንጠጫ ብረት ያዙት። ጋሽ ውሃልክ ከምስማሩ ላይ ስኳድራቸውን፣ ያን የማዕዘን መለኪያ ብረት፣ አወረዱ። ያ ስኳድራ ከጌታቸው የወረሱት ነው፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ማቀፊያውን ከዲስኩ ጋር አመሳክረው፣ «ይኸው ልክ!» አሉ።

«እንግዲህ እንፈትነው» አለች መምህርቷ፣ አንድ ያደረ ቁራጭ ጣውላ አንስታ። «አንዱን ጎን እንቁረጥ። ከዚያ የተቆረጠውን ጎን ማቀፊያው ላይ አስደግፈን ቀጣዩን፣ እንዲህ እያልን አራቱንም እንዙር። ስህተት ካለ በየዙሩ ይደራረባል፤ አንዱ ብቻውን ለዓይን የማይታየው፣ አራቱ ሲጠራቀሙ ይታያል። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ጎን ደግመን ቀጭን አድርገን እንቀርፈዋለን። የቅራፊው ሁለት ጫፍ እኩል ከወፈረ ማዕዘኑ ልክ ነው።»

«ካልወፈረስ?»

«ያኔ እንነጋገራለን።»

ዞሩት። የመጨረሻዋ ቅራፊ ከዲስኩ ሥር ወጣች። መምህርቷ ከመሃል ሰበረቻትና ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አስተኝታ ሰጠቻቸው። ጋሽ ውሃልክ አውራ ጣታቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው አሻገሩ። ጥፍራቸው ቆመ። አንዱ ጫፍ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ነበር።

«ገበታሽ ጠማማ ነው» አሉ ወዲያው።

«ማቀፊያውን ማን አቆመው?»

«ስኳድራዬ!»

«እሱንም እንጠይቀዋ፣ ጋሼ። መጠየቅ ነውር ነው?»

«መሣሪያ ይጠየቃል እንዴ? የጌታዬ ስኳድራ እኮ ነው!»

«ጌታዎ ከእጃቸው ጥለውት አያውቁም? ከእርስዎስ አልወደቀም? ብረት ሲወድቅ 'ታመምኩ' አይልም፤ ዝም ብሎ ይጣመማል። ሰው ግን የከበረ ዕቃ ነው ብሎ ሳይጠይቀው ይኖራል።»

መምህርቷ ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ጣውላ አምጥታ ስኳድራውን አስደገፈችና በእርሳስ አንድ መስመር አሰመረች። ከዚያ ስኳድራውን ገልብጣ በዚያው ነጥብ ላይ ሌላ አሰመረች። ልክ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ መስመሮች አንድ በሆኑ። እነሱ ግን ከሥር ተነሥተው፣ ወደ ላይ ሲሄዱ እንደ መቀስ አፍ ተከፍተው ነበር።

ሽማግሌው መስመሮቹን ረጅም ጊዜ አዩ። ፊታቸው ሲለዋወጥ መምህርቷ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?»

«አይ… ልጄን አስታወስኩ። እዚህችው ላይ ቆሞ፣ ደንበኛ እያለ፣ 'አባባ፣ ይህን ስኳድራ ገልብጠን ብናየውስ?' አለኝ። እኔ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? 'ዛሬ የአባትህን መሣሪያ ከገለበጥክ ነገ አባትህንም ትገለብጣለህ' አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሊስቅ ሞከረ።»

መምህርቷ ስኳድራውን ወደ ጎን አኖረችው። ወደ ሥራው ተመለሱ። የማቀፊያውን ልቅ ጫፍ በወረቀት ውፍረት ወደ ኋላ ሳብ አድርገው አጠበቁት፤ ደግመው ዞሩ፤ አሁንም ጥፍር ያዘ። ደግመው ሳቡት። በመጨረሻ ቅራፊዋ ስትሰበር፣ አውራ ጣታቸው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሳይሰናከል አለፈ። በዚያን ጊዜ ብቻ ሁለተኛውን ብሎን አሰሩት።

ከዚያ ያመጡትን ኮምፔርሳቶ በገበታው ላይ ቆረጡ። ጋሽ ውሃልክ ለመግጠም ሌላ ሰው አልጠበቁም፤ ወጣት ከነበሩ ጀምሮ ያልሠሩትን ሥራ ራሳቸው ሠሩ። ኮላ ቀቡ፤ ጎኑን ከወለሉ፣ ጣሪያውን ከጎኑ አገናኙ። ሳጥኑ ያለ መዶሻ ገጠመ። ክፍተት የለም፣ ሰጋቱራ የለም፣ እርግማን የለም። እሳቸውም በደነደነ እጃቸው መጋጠሚያውን ዳሰሱና ጣውላ ክምር ላይ ቁጭ አሉ።

«ደስ አይልም፣ ጋሼ?»

«ደስ ይላል። ያመመኝም ደስ ማለቱ ነው። እጄ ሸካራ፣ ዓይኔ ደካማ፣ እኔ ከገጠምኩት ማንም ይገጥመዋል ማለት ነው። ልጄ አይደለም ጠማማው። ጠማማ ቆርጬ እየሰጠሁት ቀጥ አድርግ እለው ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።»

«እርስዎም የተነገረዎትን ነው የተናገሩት።»

«እሱማ ነው። ግን እኔ ጥፊውን ቀምሼው ነበር፤ እንዴት እንደሚያቃጥል አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያቀበልኩት። ልጄን በድዬዋለሁ።»

አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። እኛ ግን ሽማግሌን ማክበርና የሽማግሌን መሣሪያ አለመፈተሽ አንድ ይመስለናል። አይደለም! ያ ስኳድራ በጊዜው ተገልብጦ ቢሆን የጋሽ ውሃልክ ክብር ቅንጣት አይጎድልም ነበር፤ አንድ ልጅ ግን ከነሙያው ይተርፍ ነበር። ይህን ሳስብ እኔን ራሴን ያናድደኛል።

በነጋታው ጋሽ ውሃልክ ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ልጃቸው ጆንያ መሃል ቆሞ ሲያያቸው ክፉ ወሬ ያመጡ መስሎት ደነገጠ።

«ደኅና ነኝ፣ አይዞህ» አሉና እዚያው ቆመው ተናገሩ። ስለ ገበታው፣ ስለ ቅራፊዋ፣ ስለ ተከፈቱት መስመሮች አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። «ጣውላው አይዞርም፣ ልጄ። እጅ ከዲስኩ ይርቃል። አንዴ ልክ ከሆነ፣ ዛሬ የቆረጥከውና ከወር በኋላ የምትቆርጠው መንታ ናቸው። የሚጣል እንጨት የለም። በሩ ይዘጋል፣ መሳቢያው አይነክስም። ደግሞ በቤቴ ሕግ አውጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ የቆረጠ ራሱ ይገጥማል፤ መሣሪያም ሥራ ሳይጀመር ይፈተሻል፣ የማንም ቢሆን። ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። የኔ ነበር። ይቅር በለኝ፤ ተመለስ።»

ልጁ መሬት መሬት እያየ ሰማቸው።

«ይቅር ብያለሁ፣ አባባ» አለ ቆይቶ። «ይቅርታውማ አይከብድም። አንድ ነገር ልንገርዎት። ቤቴ ውስጥ እግሩ የተነቀለ ወንበር ነበር። ሴት ልጄ 'አባዬ ጠግነው' ስትለኝ አናጺ ጠርቼ ከፈልኩ። እጄ ጠማማ ነው አልኳት።»

«እንዲህ አልካት?»

«እርስዎ ሲሉኝ አምኜ ነበራ። አባት ልጁን ይዋሻል ብዬ እንዴት ላስብ?»

ከመጋዘኑ ውስጥ ሰው ልጁን በስሙ ጠራው።

«አሁንም የሚሉኝን አምናለሁ፤ አባቴ ነዎት» አለ ልጁ፣ ለመሄድ ዞር እያለ። «ብቻ ያኛው ቃል፣ 'እጅህ ጠማማ ነው' ያሉኝ፣ ልጅ ሆኜ ነው የገባኝ፤ ቶሎ ነው የገባው። ይሄኛው፣ የዛሬው ቃል፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት እኔም አላውቅም።»

እጃቸውን ይዞ ሳመና ወደ ጆንያዎቹ ተመለሰ።