ከምክትሉ ፊታቸውን ያዞሩት አቶ ወልደጻድቅ

ማክሰኞ ኅዳር ፲፮ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አቶ ወልደጻድቅ አዋሳ ከሲዳሞ ክፍለ ሀገር አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በር ፊት ለፊት ጋቢያቸውን አደግድገው ቆመው ነበር። ደጅ መጥናት ከጀመሩ ሃያ ስድስተኛ ቀናቸው ነው። ጥቁሩ መኪና ከግቢው ሲወጣ እስከ ጉልበታቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ከኋላው አቧራ የጠጣው ላንድሮቨር ሲመጣ ግን ቀና አሉና ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

በንቀት አልነበረም። ጥቁሩ የዋና አስተዳዳሪው፣ ላንድሮቨሩ የምክትል አስተዳዳሪው መሆኑን ከዘበኛው ከኩማ ሰምተዋል። ለምክትሉ እጅ ሲነሡ ዋናው ቢያዩአቸው ጉዳያቸው የሚበላሽ መስሏቸው ነው።

ጉዳያቸው አንድ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉዬ ከመስከረም ጀምሮ ከአልጋ አልተነሡም። ሐኪሙ አቶ ወልደጻድቅን ለብቻቸው ወደ ውጭ ጠርቶ፣ “ገናን መድረሳቸውን እንጃ” ብሏቸዋል። አንዲት ልጃቸው ፍቅርተማርያም ነገሌ ቦረና በአስተዳደር መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ወደ አዋሳ ካልተዛወረች ወይም ፈቃድ ካላገኘች ሥራዋን ጥላ መምጣት አትችልም። ሙሉዬ ጠጉራቸውን ከልጃቸው በቀር ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ጎረቤታቸው ሽታዬ “ልሥራዎት” ስትላቸው፣ “ፍቅርተ ትመጣለች” ይላሉ። ወደ ማታ በዲላ መንገድ የአውቶቡስ ጥሩንባ በተሰማ ቁጥር ከትራሳቸው ቀና ይላሉ። አቶ ወልደጻድቅ ያን ቀና ማለት ላለማየት ወደ ጓሮ ይወጡ ነበር።

በዚያ ጧት ታቢታ የምትባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወደ ሥራዋ ስትገባ ሽማግሌው ፊታቸውን ሲያዞሩ አየቻቸው። ታቢታ የወንጌላውያን ቤተሰብ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። ቆም አለች።

“እንደምን አደሩ፣ አባባ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለፊተኛው መኪና እጅ ይነሣሉ፣ ለኋለኛው ፊት ይነሣሉ። ኋለኛው ምን አደረገዎት?”

“ምንም። ምንም ሊያደርግልኝም አይችልም። ምክትል አይደለ?”

“ምክትል ምን ጎደለው?”

“አንቺ ሳትወለጂ ይርጋለም ደጅ ጠንቻለሁ፤ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ገና ወደ አዋሳ ሳይዞር። እንደራሴው ሲወጡ እንቆማለን፣ ሲገቡ እንቆማለን። መናገር የለም። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ ‘ይህ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?’ አሉ። በቃ! በዚያው ቀን ጉዳዬ አለቀ። ትዕግሥቴ ታየልኝ።”

“ምክትል እንደራሴ አልነበራቸውም?”

“ነበሩ እንጂ። ወንበር ነበራቸው፣ ቃል ግን አልነበራቸውም። ጌታው አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ ‘ጌታ ይመለሱ’ ይሉናል። ጌታው ሲመለሱ፣ ‘ጌታ እያሉ እኔን?’ ይሉናል። አለሙ የሚባል ጓደኛዬ ቸኩሎ ለእሳቸው አመለከተ። እንደራሴው ሰሙና፣ ‘እኔ ሞቼ ነው?’ አሉ። አለሙ መሬቱን እንዳጣ ሞተ።”

ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ሞኝ ሰው አልነበሩም። ይህን ልማድ የተማሩት በወዳጅ ጥፋት ነው፤ እንዲህ የተማሩት ነገር ደግሞ ጊዜው ቢያልፍም ከልብ አይወጣም።

“አባባ፣” አለች ታቢታ፣ “ያኔ ምክትሉ የሰው ምክትል ነበር። ዛሬ የሥራ ምክትል ነው። ዋና አስተዳዳሪው ጸጥታና ልማቱን ይመራሉ፣ አውራጃዎቹን ይጎበኛሉ። የሠራተኛ ዝውውርና የባለጉዳይ አቤቱታ ለምክትሉ በጽሑፍ ተሰጥቷል። ዋናው ከከተማ ሲወጡ ደግሞ ሁሉንም ተክተው ይሠራሉ። ፊርማቸው ይጸናል።”

“ፊርማማ እኔም እፈርማለሁ።”

ኩማ ከዘበኛ ቤቱ ውስጥ ሳቀ። ታቢታ ግን አልተበገረችም።

“ቅዳሴ ያስቀድሳሉ?”

“አንቺ ጴንጤ፣ ስለ ቅዳሴ ምን አገባሽ?”

“አያገባኝም። ግን ጎረቤቴ እትዬ እህተማርያም በየሰንበቱ ያስተምሩኛል። ቄሱ ያለ ዲያቆን ይቀድሳሉ?”

“አይቀድሱም።”

“‘ተነሡ’ የሚለው ማነው?”

“ዲያቆኑ ነው።”

“‘ቄሱ ራሳቸው ካላሉኝ አልነሣም’ ብለው ያውቃሉ?”

አቶ ወልደጻድቅ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። “አንደበትሽስ ተባርኳል። ዲያቆን ግን አይፈታም። እኔ የምሻው የሚፈታኝን ነው።”

“እንግዲያው ስምዎን ይንገሩኝ። ጉዳይዎ የት እንደ ደረሰ ከመዝገብ ልይልዎት።”

ስማቸውን ይዛ ገባች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ስትመለስ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

“አባባ፣ ከጥቅምት ጀምሮ የገባውን ሁሉ አየሁ። ስምዎ የለም።”

“ከየት ይመጣል? መቼ አመለከትኩ? እስኪጠይቁኝ እየጠበቅሁ ነው።”

“በመዝገቡ መሠረት እርስዎ እዚህ ደጅ አንድ ቀንም አልመጡም።”

“አልመጡም? ኩማ ምስክሬ ነው! ሃያ ስድስት ቀን ቆሜ አይቶኛል!”

“አይቻለሁ፣” አለ ኩማ ብቅ ብሎ። “ግን እኔን ማን መዝገብ ይለኛል?”

“ደግሞም፣” አለች ታቢታ ቀስ ብላ፣ “ዋና አስተዳዳሪው ከተማ የሉም። በመስክ መኪና ወደ ጉብኝት ከወጡ አሥራ ሁለት ቀናቸው ነው።”

“ታዲያ ይህ ጥቁሩ መኪና?”

ኩማ ጉሮሮውን ጠራረገ። “ሾፌሩ ደበሌ ነው፣ አባባ። ሞተሩ እንዳይተኛ ጧት ጧት ያንሸራሽረዋል። እርስዎ ዝቅ ሲሉለት ጊዜ፣ ‘ዘንድሮ ደጃዝማች ሳልባል አልቀርም’ ይለኛል።”

“አንተስ ብትነግረኝ ምን ነበረበት!”

“አልጠየቁኝማ! ዘበኛ ነኝ እንጂ ነቢይ ነኝ?”

አቶ ወልደጻድቅ አልሳቁም። ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በዚያ ደጅ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

“አሥራ ሁለት ቀን፣” አሉ። “እሷ ደግሞ ቀኗን እየጨረሰች ነው።”

ከዚያ ወዲያ ለማንም ያልተናገሩትን ለታቢታ ነገሯት፤ የሙሉዬን ሕመም፣ የሐኪሙን ቃል፣ ነገሌ ያለችውን ልጅ። የሐኪሙንም ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ታጥፎ ከመክረሙ የተነሣ እጥፋቱ ላይ ሳስቷል።

“ይህን ይዘው ነው ዝም ያሉት?”

“የቤቴን ገመና በአደባባይ ልዘርዝር?”

“ገመና አይደለም፣ አባባ፤ ማስረጃ ነው።”

“እሺ፣ ወደ ምክትሉ ልግባ። ዋናው ተመልሰው ‘እኔ ሞቼ ነው?’ ቢሉስ? ልጄን እዚያው ቢያስቀሩብኝስ? ሌላ ልጅ የለኝም።”

“ማመልከቻዎ ቁጥር ይሰጠዋል። ዋናው ሲመለሱም የሚያዩት ያንኑ ፋይል ነው። የሚቀየም ሰው ነው፤ ቁጥር ቂም አያውቅም።”

ሽማግሌው ላንድሮቨሩ የሄደበትን መንገድ አዩ። ታቢታ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ በፋይሏ ላይ ዘረጋች።

“ለማን ብዬ ልጻፍ?”

“…ለምክትል አስተዳዳሪው በይ።”

ጻፈች። አቶ ወልደጻድቅም ብድግ ብለው፣ “ለድኻ አባት፣ ለተበደለ ጋሻ፣ ለአገር ዋርካ…” ብለው ጀመሩ።

“ይህን ይተዉት፣ አባባ። እማማ ሙሉዬ ምን ይላሉ?”

“‘ትመጣለች’ ትላለች።”

“እሱን እጽፋለሁ።”

ላንድሮቨሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሰ። ማመልከቻው ቁጥር ተሰጥቶት አራት ሰዓት ላይ አስገቧቸው። ምክትል አስተዳዳሪው ከመጋረጃው አጠገብ ቆመው ነበር፤ ጸጉራቸው ገና ያልሸበተ፣ ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው።

“እርስዎ ሁልጊዜ ፊትዎን የሚያዞሩብኝ አባት አይደሉም? ‘እኚህን ሰው በምን በደልኳቸው?’ እያልኩ ስጨነቅ ነው የከረምኩት።”

“የአሮጌ ዘመን ሰው ነኝ፣ ጌታዬ። ይማሩኝ።”

“ጌታዬ አይበሉኝ፤ ጓድ ይበቃል።”

“እሱን እንኳ ለነገ ያቆዩልኝ። ለአንድ ቀን ብዙ ተማርኩ።”

ምክትሉ ሳቁና ተቀምጠው ማመልከቻውን አነበቡ። “ትመጣለች” ከሚለው ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። የሐኪሙን ወረቀት አዩ። “ዝውውሩ ጥቂት ቀን ይፈልጋል፤ እሱን እኔ እከታተለዋለሁ። ፈቃዱ ግን ዛሬውኑ በሬዲዮ ይነገራት” ብለው ፈረሙ። አቶ ወልደጻድቅ ገብተው እስኪወጡ ድረስ ኩማ የለኮሳትን ሲጋራ አልጨረሰም ነበር።

በሩ ላይ ታቢታን ሲያገኟት እጇን ያዙ።

“ልጄ፣ ይርጋለም ትዕግሥቴ ታየልኝ እያልኩ ስኮራ ኖርኩ። ለካ ሠላሳ ስምንት ቀን ሙሉ የሚያየኝ አጥቼ ነው።”

ቤት ሲገቡ ሙሉዬ ወደ በሩ ዞረው ተኝተው ነበር።

“ፈቀዱላት፣” አሉ።

“ማን ፈረመ?”

“ምክትሉ።”

“ምክትልም ይፈርማል?”

“ይፈርማል እንጂ። ዲያቆን ሲያዝሽ አትነሺም?”

የባላቸው ነገር ለሙሉዬ አልገባቸውም፤ ለማወቅም አልጠየቁም። “መቼ ትደርሳለች?” አሉ።

“ቅዳሜ ይሆናል።”

“እስከ ቅዳሜ ስንት ሌሊት አለ?”

“አራት።”

ሙሉዬ አራት ጣታቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው አዩና መልሰው ሸፈኑ። በዚያ ምሽት ጥሩንባ ሲሰማ አቶ ወልደጻድቅ ወደ ጓሮ አልወጡም። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው አብረዋቸው አዳመጡ።

ከዚያ ወዲያ በእድራቸው አንድ ሰው ጉዳይ ገጠመው በተባለ ቁጥር አቶ ወልደጻድቅ የሚመክሩት ይህን ነበር፦ “መጀመሪያ ሥራው የማን እንደሆነ ጠይቅ። ቃልህን በወረቀት አድርገው፣ ቁጥሩንም ያዝ፤ አንተ ወደ ቤትህ ብትሄድ ወረቀቱ ቆሞ ይጠብቅልሃል። ሕመምህን አትደብቅ። የበላዩ የለም ተብሎ ሥራ እንዳይቆም ነው ምክትል የተቀመጠው፤ እሱን መዝለል የበላዩን ማክበር አይደለም።” አንዳንዱ፣ “እርስዎም ምክትል ሆኑ እንዴ?” ብሎ ይቀልድባቸው ነበር። እሳቸው ግን አይቀየሙም። እግር የቆመበት ቀን ተመልሶ እንደማይገኝ ያውቃሉ፤ ሌላው ሰው ያን ቀን ከሚወደው ሰው ጋር ቢያሳልፈው ይሻላል።

ፍቅርተማርያም ቅዳሜ ኅዳር ፳ ቀን ወደ ማታ ከነገሌ ገባች። እናትና ልጅ አሥራ ሰባት ቀን አብረው ቆዩ፤ ወይዘሮ ሙሉዬ ታኅሣሥ ፯ ቀን አረፉ።