ጣራ የሌለው ብረት ለበስ

ሄሎ! … ሄሎ! … አዎ፣ አሰላ ነው፣ የእትዬ አባይነሽ ሱቅ! … እኔው ነኝ፣ ገብረ መድህን፣ አናጢው። … ከዴራ? ማን? … ሁሴኖ! አንተ የጠፋህ ሰው! አካም ጅርታ? … እኔማ ደኅና ነኝ፣ ዝናቡ አላስወጣ አለን እንጂ።

— እትዬ፣ ቆርቆሮዋን እዚያው ያቆዩልኝ፣ ስጨርስ እወስዳታለሁ።

እሰማሃለሁ፣ እሰማሃለሁ። ጠፍሩ? ደርሶኛል፣ እጅህ ይባረክ። … አልጋው? … አልጋው እንኳ… ስማኝማ ሁሴኖ፣ አልጋ አይደለም። … ጠፍሩን ለአልጋ ነው ብዬ ዋሽቼሃለሁ። አትቆጣ፣ ላስረዳህ!

ያ ኮርያ ላይ ከተራራው ያወረደን ብረት ለበስ… አውቃለሁ፣ አላየኸውም። ዓይንህ የሄደው ያን ቀን ነው። ለዚህ እኮ ነው! አምስት ዓመት ሙሉ «ምን ዓይነት ነገር ነው ያወጣኝ?» እያልክ ስትጠይቀኝ፣ እኔም ስንተባተብ… በአፍ አልሆን ቢለኝ ሠራሁልህ። … ሠራሁልህ አልኩህ! በእጅህ ዳስሰህ እንድታውቀው።

መጫወቻ? የምን መጫወቻ! ዋናው አስራ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ለአምስት አካፍዬ ሁለት ክንድ ከጋት አወጣሁት። ጎማው ወይራ ነው፣ በየጎኑ አምስት አምስት። አካሉ የላምባ ቆርቆሮ። … ሰንሰለቱ? ጎማዎቹን የሚዞረው ሰንሰለትማ ያንተ ጠፍር ነው! በላዩ ሰባ ሁለት የእንጨት ጥርስ ደርድሬበታለሁ።

… አይ፣ አይዞርም። እሱ ነው ያቃጠለኝ። ትናንት ጭጋጉ ሲወርድ ጠፍሩ ላልቶ እንደ ሰካራም ሱሪ ወርዶ ጠበቀኝ። … እንዴት ነው የወጠርኩት? … በደረቁ ነዋ። … ምን ትጮኽብኛለህ! ቆርቆሮው እንዳይዝግ ብዬ ነው! … አዎ፣ አልጋ በደረቅ ጠፍር አይጠፈርም። ሕፃን ያውቀዋል፣ እሺ፣ ስደበኝ። ሲያውቁ አለቁ ሆነብኝ።

… ርሶ ይወጠራል… በጥላ ይደርቃል… ሞራ ይቀባል… ቆይ፣ ቆይ! ይሄ በስልክ ይሆናል? ለምን መጥተህ ራስህ አትወጥረውም? … ሦስት ጊዜ ብጠራህ «ዓይን የሌለው ሰው አሰላ ሄዶ ምን ያያል» አልከኝ። ይኸው አሁን የምታየው ነገር አለ። ከደጅህ ከወጣህ ስንት ጊዜህ ነው? … እኮ! «ላስብበት» አትበለኝ።

— ምን አሉኝ፣ እትዬ? … እሺ፣ አሁን እወስዳታለሁ።

እትዬ አባይነሽ ናቸው። ለጣራው ቆርቆሮ ሰጥተውኝ… የመኪናው ጣራ ነዋ! ዋናውማ ከላይ ክፍት ነበር። ግን ያየው ሁሉ «ጣራ የሌለው የጦር መኪና የት አገር አለ?» እያለ ሲስቅብኝ ሰልችቶኝ ልከድነው ነው። … ምን? … አዎ፣ ክፍት። ቀና ስትል ሰማይ ነው። … እንዴት አላውቅም፣ አብሬህ ነበርኩ እኮ! አንተ በግራ በኩል ተጋድመህ፣ ራስህ እኔ ጉልበት ላይ። … ሁሴኖ? … ሄሎ? … ትሰማኛለህ?

… ፊትህ ላይ? … ሲወድቅብህ የነበረው? … ቀዝቃዛ… ለስላሳ… አዎ። … አፈር? … አፈር መሰለህ? … ሊቀብሩኝ ነው ብለህ? … እስከ ዛሬ?

ወይ ወንድሜን! ወይ ወንድሜን! ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልከኝ? … አፈር አልነበረም፣ ሁሴኖ። በረዶ ነው! የዚያ አገር በረዶ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ቀስ እያለ የሚወርደው። ሁላችንም ላይ ወርዷል። ካንተ ፊት ላይማ በመዳፌ ስጠርግልህ ነበር። … አዎ፣ የኔ እጅ ነው። ማንም አልቀበረህም። ወደ ሐኪም እየወሰድንህ ነበር።

… አልቅስ፣ ይውጣልህ። እኔም ሰው ፊት ሆኜ ነው እንጂ…

… ነገ? … ወላሂ በል! … በጠዋቱ አውቶቡስ? … እሺ፣ እሺ፣ አልነካውም! ጠፍሩን ነክሬ እጠብቅሃለሁ፣ መወጠሩ ያንተ ነው። … ሞራ አለ። … ምን አልክ? አልሰማሁህም… ሄሎ? … ሄሎ፣ ዴራ? …

ኤጭ፣ ተቋረጠ።

— እትዬ አባይነሽ፣ ቆርቆሮዋን ወደ ቦታዋ ይመልሷት። ጣራ የለውም።