የእትዬ ብርቄ ዋስትና

ቦሌ ሚካኤል አንድ ፈርኒቸር ቤት ሥራ አገኘሁ ብዬ ስፈነድቅ፣ ባለቤቱ «መጀመሪያ ዋስ አምጣ» አይለኝ መሰላችሁ! ከገጠር ከመጣሁ ገና ሁለት ወሬ ነው፤ ከአከራዬ ከእትዬ ብርቄ በቀር ማንን አውቃለሁ? እሳቸው ደግሞ «መብራት አጥፋ! በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋ!» ሲሉኝ ነው የሚውሉት። ቢጨንቀኝ እየፈራሁ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ጣል አድርገው፣ የቤታቸውን ካርታ ይዘው ቀደሙኝ።

ፈርኒቸር ቤቱ ስንደርስ ባለቤቱ «በደንብ ያውቁታል?» አላቸው።

«ሁለት ወር ሙሉ ስጨቀጭቀው አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አላደረገብኝም። እኔን የቻለ አንተን ያቅተዋል?»

ሰውየው እየሳቀ ወረቀቱን ሰጣቸው፤ ፈረሙ። እንባዬ መጣ። ላመሰግናቸው ጎንበስ ስል፣ «ዛሬም መብራቱን ሳታጠፋ ነው የወጣኸው» ብለውኝ ሄዱ።