የጎረቤት መርከብ

ባለፈው ኅዳር ለእህቴ የአውሮፕላን ትኬት ልቆርጥላት አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ወዳለ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ጎራ ብዬ ነበር። ገና በሩን ስከፍት የማውቀው ድምፅ ተቀበለኝ።

«መምህር! እግዜር ነው ያመጣዎት። ይዳኙን እስቲ!»

አቶ ኪዳነወልድ ናቸው፤ ልጆቻቸውን አስተምሬያለሁ። አጠገባቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋወርቅ ተቀምጠዋል። ባልና ሚስቱ ሁለት ወፍጮ ቤት አላቸው። ልጆቹ ራሳቸውን ስለቻሉ፣ ከዱባይ ተነሥቶ ለሳምንት ባሕር ላይ በሚያንሸራሽር መርከብ ሊዝናኑ አስበዋል። ሐሳቡ ግን ከራሳቸው የመጣ አልነበረም። ዓምና ጎረቤታቸው አቶ ጫምሳ ከባለቤታቸው ጋር በዚያው መርከብ ሄደው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ የመርከቡ ስም የተጻፈበትን ኮፍያ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያደርጉታል። የአቶ ኪዳነወልድ ሰላም የጠፋውም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

ቱሪዝም ተምራ በቢሮው የምትሠራው ወጣት ደራርቱ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች።

«ትልቅ በረንዳ ያለው ክፍል ይሁን ብዬሻለሁ» አሏት። «ጫምሳ ከያዘው አንድ ፎቅ ከፍ ያለ።»

«ይገኛል ጋሼ። ግን ዋጋው መስኮት ከሌለው ክፍል ከእጥፍ ይበልጣል። ክፍሉ ለማደሪያ ብቻ ነው። ባሕሩን ላይኛው ወለል ላይ ወጥቶ ሁሉም ሰው በነፃ ያየዋል።»

«ጫምሳ ከሁሉም ሰው ጋር ተጋፍቶ አላየም! አስቀድሞ የሚከፈለውን የመጠጡንም ፓኬጅ ጨምሪልኝ።»

«ይጠጣሉ እንዴ ጋሼ?»

«አልጠጣም። ጫምሳ ግን ገዝቷል።»

ሳቄን ዋጥ አደረግሁና «ለመሆኑ ለዚህ ሁሉ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለትንሹ ወፍጮ ገዢ አግኝቻለሁ።»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ቀና አሉ። ይህን የሰሙት ገና አሁን ነበር። ያንን ወፍጮ ዓመታት ሙሉ ዱቄት ለብሰው ያቆሙት እሳቸው ናቸው።

ደራርቱ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «ጋሼ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው በትኬቱ አይደለም። መርከቡ ላይ ብር አይቆጠርም፤ ሁሉም ነገር በክፍልዎ ካርድ ነው። ካርድ ሲሰጡ ደግሞ ገንዘብ ያወጡ አይመስልዎትም። የሚያነሱዎት ፎቶ ይከፈልበታል፤ ስልክዎ ባሕር ላይ የመርከቡን ኔትወርክ ይዞ ይቆጥርብዎታል፤ ሱቁም ቁማሩም እዚያው ነው። ሒሳቡን የሚያዩት ሊወርዱ ሲሉ ነው።»

«ታዲያ ዓይኔን ጨፍኜ ልሂድ?»

«ለምን ይጨፍናሉ? ለትርፍ ነገር የሚያወጡትን እዚሁ ቤትዎ ይወስኑ። እንደገቡ እንግዳ መቀበያው ካርዱን ከዚያ በላይ እንዳይሠራ ያድርግልዎት። የዋናው አዳራሽ ምግብ በትኬቱ ተከፍሏል። አውሮፕላን ውስጥ እንደሚያደርጉት የስልኩን ኔትወርክ ይዝጉት። ከተማ ሲደርሱም ለአስጎብኚ ሳይከፍሉ በእግር ዞር ዞር ይበሉ።»

«ይሄማ የድሃ ጉዞ ነው! ተመልሼ ለጫምሳ ምኑን አሳየዋለሁ?»

«ኪዳኔ» አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ቀስ ብለው። «ጫምሳ፣ ጫምሳ ስትል ከረምህ። አንቺስ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

መልስ ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ላንጋኖን እንኳ ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው። አጠገቤ ቆመህ ፀሐይ ከውኃው ስትወጣ ባያት ይበቃኛል። ወፍጮዬን ሸጠህ ከሆነ ግን ከጫምሳ ጋር ሂድ።»

አቶ ኪዳነወልድ እንድደግፋቸው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «የማይጠጡትን መጠጥ የሚገዙት ለጫምሳ ዓይን ነው፤ ጫምሳ ደግሞ እዚያ የሉም» አልኋቸው።

ላባቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «እውነቱን ልንገራችሁ? ያንን ኮፍያ ሳይ ቅናት ይበላኛል። እኩል ነው የጀመርነው። እሱ ባለ ብዙ መኪና ሆነ፤ እኔ ከዱቄት ጋር ቀረሁ።»

«ዱቄቱ ነው ልጆችህን ያስተማረው» አሉ ሚስታቸው።

አቶ ኪዳነወልድ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩና «መስኮት የሌለውን ያዢልን። ወፍጮውም አይሸጥም» አሏት ደራርቱን።

ከጥምቀት በኋላ ሄደው ተመለሱ። ቅናቱ እዚያም እንዳልለቀቃቸው ራሳቸው አጫወቱኝ። አንድ ማታ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ወይን በጠርሙስ ሲያስመጣ አይተው እጃቸው ወደ ካርዱ ሲሄድ፣ ወይዘሮ ሸዋወርቅ በጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ረገጥ አደረጓቸው። ጠዋት ጠዋት ግን ላይኛው ወለል ላይ ጎን ለጎን ቆመው ፀሐይዋን ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻው ቀን ብዙዎች እንግዳ መቀበያው ፊት ስለ ሒሳባቸው ሲጨቃጨቁ፣ እነሱ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወረዱ።

ወጪን አስቀድሞ መወሰን ጥቅሙ ይህ ነው፦ መተዳደሪያ አይሸጥም፣ ባልና ሚስት አይኳረፉም፣ ከጉዞው በኋላም ትዝታው ደስ ይላል።

«ሰሞኑን ጫምሳ ብቻውን ቤቴ መጣ» አሉኝ አቶ ኪዳነወልድ። «ስለ ጉዟችን ጠይቆኝ ሲያበቃ አቀረቀረ። ለካ በዚያ በረንዳ ላይ ሚስቱ ስለ ሒሳቡ ስታለቅስ ነው የከረመችው። እስከ ዛሬ የመርከብ ወሬ ሲነሣ ክፍሉን ጥላ ትወጣለች።»

«ምን አሏቸው ታዲያ?»

«ይሄንን ብሰማ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር መምህር» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አዘንሁለት። ነገ ደራርቱ ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ፤ ለእኛ የነገረችንን ለእሱም ትንገረው።»