ለሁለተኛዋ ማን እጅ ያነሳል?

(እሑድ ከቀትር በኋላ፣ የእድር ቤት ጓሮ። ሕሊና ለመመረቂያ ጥናቷ ለእድሩ ሴቶች የተቀዳ ድምፅ እያሰማች ሳለ የወንድሟ የናሁሰናይ እጮኛ አንጓች ጠርታ አስወጥታታለች።)

አንጓች፦ ሁለተኛውን አታሰሚ። በእመቤቴ።

ሕሊና፦ ቀስ በይ፣ ይሰማሉ። ስቀዳሽ ተስማምተሽ አልነበር?

አንጓች፦ የማላውቃቸው ሰዎች እንዲሰሙት ነዋ። የእናትሽን እድር ትመርጫለሽ ብዬ በምን ላስብ? ናሁሰናይ ባይነግረኝ ጉድ ሆኜ ነበር።

ሕሊና፦ የማላውቀው ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። እዚህ ሁሉም «ልጃችን» ይሉኛል።

አንጓች፦ እኔንስ ምን ይሉኝ ይሆን?

ሕሊና፦ አንቺ መሆንሽን አያውቁም። አንዱን ጽሑፍ አንድ ሰው በሁለት አነጋገር እንዳነበበው ከነገርኳቸው ጥናቱ ከንቱ ነው። ሁለት ሴቶች ይመስሏቸዋል።

አንጓች፦ ስለ መጀመሪያዋ እናትሽ ምን አሉ?

ሕሊና፦ «ይቺ ሐኪም መሆን አለባት» አለች። ለልጅሽ ሚስት ትሆናለች ወይ ስላት ከሁሉም ቀድማ እጇን አነሳች።

አንጓች፦ ተመስገን። እዚያው ላይ ይብቃ።

ሕሊና፦ ያቺ እኮ አንቺ ዜና አንባቢ ስትመስዪ ናት።

አንጓች፦ እመስላለኋ። ሽማግሌ ይላክ እስኪሉ ድረስ እንደዚያ አወራለሁ።

ሕሊና፦ ከዚያስ? ስትደነግጪ? ስትወልጂ?

አንጓች፦ ምጥ ላይም ቢሆን አፌን እይዛለሁ።

ሕሊና፦ ናሁ ጋ ስትሆኚ ግን የምታወሪው እንደ ሁለተኛዋ ነው።

አንጓች፦ እሱን አልፈራውም። አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው፤ አማርኛዬ ላይ ሲሰማው ደስ ይለዋል። እናቱን ደስ ካላላቸውስ? እሱ እናቱን አስከፍቶ አያገባም።

ሕሊና፦ እማዬ እንደዚያ አይደለችም።

አንጓች፦ እርግጠኛ ነሽ?

ሕሊና፦ ድሮ የሠራተኛችንን አነጋገር እያስመሰለች እንግዳ ታስቅ ነበር።

አንጓች፦ በይ፣ አንቺም ፈርተሻል።

ሕሊና፦ እጇን ባታነሳ ማታ አብሬያት እራት የምበላበት ዓይን የለኝም። ይቅር፣ አጠፋዋለሁ። ለአማካሪዬ ስልኬ ተበላሸ እላለሁ።

አንጓች፦ ብታጠፊውማ አነጋገሬ መቼ ያመልጠኝ ይሆን እያልኩ ዕድሜዬን ልፈጅ ነው።

ሕሊና፦ አታሰሚ ያልሽው አንቺው አይደለሽም?

አንጓች፦ እኔው ነኝ። ግን ቁርጤን ባውቅ ይሻላል።

ሕሊና፦ እየጠሩኝ ነው። ምን ልበላቸው?

አንጓች፦ መልኬን አያውቁትም አይደል?

ሕሊና፦ እማዬ ፎቶሽን እንኳ አላየችም።

አንጓች፦ ስልኩን አምጪ። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሁለተኛውን እኔው እከፍተዋለሁ።