ከመርከብ የመጣው ተኪላ

አረቄ አውጥቼ ልጅ ያሳደግሁ ሴት ነኝ፤ አምቦ ውስጥ የማንንም መጠጥ አድንቄ አላውቅም። ልጄን እንድንድርለት የጠየቀን መርከበኛ አንድ ቀን ከአሰብ ተኪላ የሚሉትን የባሕር ማዶ አረቄ ይዞ መጣና፣ «ሀርሜ፣ ዛሬ እኔ ላጠጣዎት» አለኝ፤ እናቴ ማለቱ ነው። ሎሚ ጨመቀ፣ ማር ጨመረ፣ በቀዝቃዛ አምቦ ውሃ በጠበጠው። የብርጭቆውን አፍ ጨው ሲቀባው ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

«ጨው የሚልሰው ከብት ነው!»

«ተኪላ በአገሩ እንዲህ ነው የሚጠጣው» ብሎ ዘረጋልኝ።

አልተቀበልኩትም። በእኛ ወግ የቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ይህን የረሳ ልጄን አይወስዳትም አልኩ በልቤ። ልጄ ከጓዳው በር ቆማ በዓይኗ ብትጠቅሰው ጊዜ ደንግጦ ጥቂት መዳፉ ላይ አፈሰሰ። ወዲያው ፊቱ ተጨማደደ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን ትንፍሽ ሳይል ጠጣው። እጁን ይዤ ባየው፣ የመርከብ ገመድ መዳፉን ልጦታል፤ ሎሚው ቁስሉ ውስጥ ገብቷል።

«ምነው አትናገርም፣ አንተ ሞኝ?»

«አይጠጡልኝም ብዬ ነዋ።»

ብርጭቆውን አንስቼ ጭልጥ አደረግሁት። እውነቱን ልናገር፣ ጥም ይቆርጣል። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሬ፣ «ምን ይገትርሻል? ለባልሽ እጅ ቅቤ አምጪ እንጂ!» አልኳት።